የብዕር ልክፍት እንደያዛችሁ የምታውቁባቸው ምልክቶች፣ ከነማስታገሻቸው

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ብዕር ያለው ሁሉ ልክፍተኛ አይደለም። አንዳንዱ ከየስብሰባው እየለቃቀመ መሳቢያው ሞልቶበት ነው። እኔ የማወራው ስለ ፋውንቴን ፔን ነው። ቀለም የሚሞላው፣ ጫፉ ብረት የሆነው፣ ጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ልብ የሚሰብረው። በሱ የተለከፈ ሰው በቁጥር አይለይም። ሁለት ብዕር ብቻ ይዞ የለየለት ታማሚ የሆነ አውቃለሁ። ሠላሳ ይዞ ጤነኛ የሆነም አለ ይባላል፤ እኔ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ልክፍቱ የሚታወቀው በጠባይ ነው። ምልክቶቹን ከራሴና ከመሰሎቼ ለቃቅሜያቸዋለሁ። ምን ብታደርጉ እንደሚሻልም በየቦታው ጣል አድርጌያለሁ። መዳኛ አይደለም፣ ማስታገሻ ነው።

እስክሪብቶ ስትጠየቁ ትደነግጣላችሁ

ዋናው ምርመራ ይሄ ነው። ጤነኛ ሰው እስክሪብቶ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ አለቀ። የተለከፈው ግን ብዕሯ ደረት ኪሱ ላይ ተሰክታ እየታየች "ኧረ የለኝም" ይላል። መካድ ካልቻለ ደግሞ "ምንድን ነው የምትጽፈው? ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ" ይላል።

ንፉግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኒቡን፣ ማለትም የብረቱን ጫፍ፣ አሠራር ያየ ሰው ይፈርድልናል። ኒቡ መሃል ለመሃል እጅግ በቀጠነ ስንጥቅ ለሁለት ተከፍሏል። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ የሚወርደው በዚያ ስንጥቅ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ፈሳሽ በራሱ ስለሚሳብ ማንም መግፋት የለበትም። ስለዚህ መጫን አያስፈልግም፣ የብዕሩ ክብደት ብቻውን ይበቃል። እስክሪብቶ የለመደ እጅ ግን ይጫናል። የእስክሪብቶ ቀለም ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስም ካልተጫኗት አትሽከረከርም። አንዳንዱ ይባስ ብሎ ኒቡን ገልብጦ ይይዝና "አይጽፍም እኮ!" እያለ ይጫነዋል። ሁለቱ የኒብ ጥርሶች ፈርከክ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ማግጠም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ማስታገሻው ቀላል ነው። ለውሰት የምትሆን ተራ እስክሪብቶ ከኪሳችሁ አትጥፋ። እኔ ዘንድ አንዲት ሰማያዊ አለች፤ ሥራዋ መዋስና መጥፋት ነው። ስትጠፋ ሌላ ትተካለች፣ ለቅሶ የለም። ብዕራችሁን መስጠት የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ክዳኑን እናንተ ጋ አስቀሩ። ክዳን የሌለው ብዕር የያዘ ሰው ረስቶ ኪሱ ውስጥ አይከተውም። ከከተተውም ሸሚዙ ይነግረዋል።

"ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ?" ሲባል እጃችሁ ቀድሞ ይወጣል

ዘመኑ የሚጻፍ ነገር የጠፋበት ነው። ሁሉ ነገር በስልክና በኮምፒውተር ሆኗል። ቀለም የሞላ ብዕር የያዘ ሰው ደግሞ ካልጻፈ ያቅበጠብጠዋል። እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ቁጥሩ ሁሉ ማሽን ውስጥ ስለሚገባ ብዕር የሚነካ ሥራ በጣም ጥቂት ነው። ታዲያ ቃለ ጉባኤ መያዝ ማንም የሚሸሸው ጣጣ ነው አይደል? እኔ እለምናለሁ። አለቃዬ ትጋት ይመስለዋል። ተዉት፣ ይምሰለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሥራ ዝርዝር ይጻፋል። ከዚያ ዝርዝሩ በንጹሕ ይገለበጣል። ከዚያ ርዕሱ በሌላ ቀለም ቢሆን ይሻል ነበር ይባልና እንደገና ይገለበጣል። ከዝርዝሩ ላይ የተሠራ ሥራ ግን የለም። አዲስ ብዕር ስትሞክሩ እጃችሁ ሳታዙት "ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ" ብሎ፣ ፊርማችሁን አስከትሎ፣ የዕለቱን ቀን የሚጽፍ ከሆነም ያው ናችሁ።

እዚህ ላይ ቁም ነገር ላስገባ። የኒብ መጠን አለ፤ ኤክስትራ ፋይን፣ ፋይን፣ ሚዲየም፣ ብሮድ እያለ ይወፍራል። ስሙ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ውፍረት ማለት አይደለም። የጃፓኖቹ ፋይን ከጀርመኖቹ ፋይን ይቀጥናል። የጃፓኖቹ የፓይለት ወይም የሴይለር ሚዲየም ከጀርመኖቹ ከላሚ ወይም ከፔሊካን ፋይን ጋር ይቀራረባል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። "ሴ" እና "ኬ" እግራቸው ላይ ያለችውን ቀለበት ተመልከቷት። በብሮድ ኒብ በትንሹ ስትጽፏት ትደፈንና ነጥብ ሆና ትቀራለች። በ"ሰ" እና በ"ሸ" መሃል ያለው ልዩነትም አናት ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ኒቡ ከወፈረ ከታች ካለው ጋር ትለጠፍና አንባቢው ይገምት ይባላል። ስለዚህ መስመሩ ጠበብ ያለ ደብተር የምትጠቀሙ ከሆነ የጃፓን ፋይን ወይም የአውሮፓ ኤክስትራ ፋይን ያዙ። ብሮዱን ለርዕስና ለፊርማ ተዉት።

ልብ በሉ፣ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። ለደብተር አንድ፣ ለፊርማ አንድ፣ ለርዕስ አንድ። በዚህ ብቻ ሦስት ብዕር በሕጋዊ መንገድ ገባ ማለት ነው። ባለቤቴ "ሁሉም ጥቁር ናቸው እኮ" ትላለች። ለሷ መልስ አላገኘሁም።

ሰማያዊ አንድ ነው ብላችሁ ማመን ያቅታችኋል

የቀለም ነገር ከብዕሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ለብቻው ሲታይ ርካሽ ይመስላል። ሳታስቡት ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ትደረድራላችሁ። ፓይለት ኢሮሺዙኩ በሚል የሚሸጣቸው ቀለሞች ስማቸው ራሱ ከተፈጥሮ ገጽታ የተወሰደ ስለሆነ፣ የምትገዙት ቀለም ሳይሆን ማለዳ ወይም ውቅያኖስ ይመስላችኋል።

ኑ ሒሳቡን እንሥራው። ኮንቨርተር፣ ማለትም ብዕሩ ውስጥ ገብቶ ቀለም ስቦ የሚይዘው ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው የሚይዘው። 0.8 እንበል። 50 ሚሊ ሊትር ያለው ጠርሙስ 60 ጊዜ ያህል ይሞላል። በየሁለት ሳምንቱ ብትሞሉ አንዱ ጠርሙስ ከ2 ዓመት በላይ ይሄዳል። 10 ጠርሙስ ያለው ሰው ከ20 ዓመት በላይ የሚጽፍበት ቀለም አለው። ይህን ስሌት የራሴን መደርደሪያ ቆጥሬ አልሠራሁትም። ልሠራውም አላስብም።

ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት በ2 ሚሊ ሊትር የሚሸጥ ናሙና ካገኛችሁ እሱን ሞክሩ። ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ ካልሰለቻችሁ ያኔ ጠርሙሱን ማሰብ ይቻላል። አብዛኛው የቀለም ፍቅር ሁለተኛውን ሙሌት አይሻገርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኢንዲያ ኢንክ የሚባለውን የሠዓሊ ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ እንዳትከቱ። ሼላክ የሚባል ሙጫ ስላለበት ውስጡ ደርቆ ይጋግራል፤ ከደረቀ ውኃ አይመልሰውም። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያለባቸውም ከሞላችሁ በኋላ ሳምንታት አታስቀምጧቸው፤ ብናኙ ይዘቅጥና መንገዱን ይዘጋል። የብረት ጨው ያለበት አይረን ጎል የሚባለው ጥንታዊ ቀለም ደግሞ ሌላ ነው። የዛሬዎቹ ብዙውን ጊዜ ስትጽፉት ሰማያዊ ይሆንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ጤነኛ ሰው ይህን ልብ አይለውም። የተለከፈው ጽፎ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ "ና እይ፣ እየጠቆረ ነው!" ብሎም ሰው ይጠራል። የሚመጣ የለም።

ወረቀት ታሻሻላችሁ

የትም ብትሄዱ ቅጽ ሲሰጣችሁ ከማንበባችሁ በፊት ጥጉን በሁለት ጣት ትፈትሹታላችሁ። ከዚያ ገልብጣችሁ ጀርባውን ታያላችሁ። ወፍራም ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነው የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም። ቶሞዬ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት በካሬ ሜትር 52 ግራም ብቻ ነው፤ ተራው የፎቶኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ላይ ቀለሙ ቁጭ ይላል፣ በሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ይጠጣና ዳር ዳሩ ጭራ ያወጣል። ልዩነቱ ወረቀቱ ሲሠራ ውኃ እንዳይመጥ በተደረገለት ነገር ላይ ነው። መሞከሪያው ይኸውላችሁ፦ አንድ ነጥብ አድርጉና ኒቡን ሳታነሱ ሦስት ቁጠሩ። ነጥቡ ክብ ሆኖ ከቀረና ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ደብተሩ ይገዛል።

ስለ ተራራ ያላችሁ እውቀት ከብዕር የመጣ ነው

ለጤነኛ ሰው 3776 ቁጥር ነው። ለኛ ፕላቲነም የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚሠራው ብዕር ነው፤ ስሙን ያገኘው በሜትር ከሚለካው የፉጂ ተራራ ከፍታ ነው። 4810 ደግሞ ሞንብላን የተባለው ብዕር ሠሪ ድርጅት ማይስተርሽቱክ በሚላቸው ብዕሮቹ ኒብ ላይ የሚቀርጸው የሞንብላን ተራራ ከፍታ ነው። የሦስተኛ ተራራ ከፍታ ብትጠይቁኝ አላውቅም። 585 ሲባል "14 ካራት"፣ 750 ሲባል "18 ካራት" ብላችሁ ከመለሳችሁም መዝግቡት።

ስለ ወርቅ ካነሳን አይቀር፣ ጀማሪዎች ወርቅ ኒብ ይለሰልሳል ብለው ይጓጓሉ። ወረቀቱን የሚነካው እኮ ወርቁ አይደለም። ጫፉ ላይ የተበየደች ጠንካራ የብረታ ብረት ቅይጥ ናት፤ በልማድ ኢሪዲየም ትባላለች። እንደሷ ያለች ጫፍ ርካሹ የብረት ኒብ ላይም አለች። አዲስ ብዕር ወረቀት የሚቧጭር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሁለቱ ጥርሶች አለመስተካከል ነው። በማጉያ መነጽር ኒቡን ፊት ለፊት እዩት። አንዱ ከፍ ብሎ ከታያችሁ በአውራ ጣት ጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ገፋ አድርጉት፣ እንደገና እዩት፣ እንደገና ገፋ። ቀስ ነው የምላችሁ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ገዝታችሁ "ለሌላ ነገርም ያገለግላል" ብላችሁ ከነበረ ደግሞ፣ ለምን እንዳገለገለ አብረን እናውቃለን።

የፊርማ ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ስለ ምን እንደተፈራረሙ አትሰሙም፤ በምን እንደፈረሙ ታያላችሁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሚዙሪ በተባለችው መርከብ ላይ እጅ ስትሰጥ የተቀረጸውን ፊልም ሰው ሁሉ የሚያየው ጦርነቱ ሲያበቃ ለማየት ነው። እኔ የማየው የጄኔራል ማክአርተርን እጅ ነው። ሰውየው ስሙን ለመፈረም አንድ ብዕር አልበቃውም፣ በርከት ያሉ ቀያይሯል። አንዷም የሚስቱ የነበረች ፓርከር ናት። ምን እንደያዘው እኔ አውቃለሁ።

የእጥበት ቀን አላችሁ

ሌላው ሰው ልብስ ያጥባል። እናንተ የእጅ መታጠቢያው ላይ ብዕር ፈታታችሁ ትደረድራላችሁ። አሠራሩን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሚበላሹት ብዕሮች ብዙዎቹ የሚበላሹት ሳይታጠቡ በመቅረት ወይም በማይሆን ነገር በመታጠብ ነው።

ውኃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምማል። አልኮል በጭራሽ አታስጠጉት፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። ኒቡን ብርጭቆ ውስጥ ነክራችሁ በኮንቨርተሩ ውኃ ሳቡ፣ ትፉት፣ ሳቡ፣ ትፉት። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ነው፤ ቀጥሎ ሳሳ ያለ፤ ቀጥሎ የጠራ ይመስላል። አትመኑት። ኒቡን በሶፍት ጥግ ነካ ብታደርጉት ከስንጥቁ ገና ይመጣል። ከኒቡ ሥር ያለው ፊድ የሚባለው ፕላስቲክ ብዙ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ ቀለሙ የሚደበቀው እዚያ ነው። የሕፃናት አፍንጫ ለማጽዳት የምትሸጠው የጎማ መንፊያ ካለቻችሁ ከኋላ በኩል ገጥማችሁ ውኃ ብትነፉበት ሥራው በግማሽ ያጥራል።

በመጨረሻ ሶፍት አጣጥፋችሁ ብርጭቆ ሥር አድርጉና ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ላይ ክብ እድፍ ታገኛላችሁ። ጥቁር ነው ብላችሁ የሞላችሁት ቀለም ተለያይቶ፣ መሃሉ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ዳሩ ላይ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቀለም ብዙ ጊዜ የበርካታ ማቅለሚያዎች ድብልቅ ነው፤ ውኃው እያንዳንዱን በየራሱ ፍጥነት ይዞት ይሄዳል። ቆንጆ ነገር ነው። አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ሶፍቱን ጣላችሁት ወይስ ደብተር ውስጥ አስቀመጣችሁት?

ከእጥበት ጋር የሚሄድ አንድ ደንብ አለኝ፤ በአንድ ጊዜ ቀለም የሚሞላው ሦስት ብዕር ብቻ ነው። አራተኛውን ለመሙላት አንዱ መታጠብ አለበት። ይሄ ደንብ ከማንኛውም የቁጠባ ምክር ይበልጣል፤ ብዕር የሚፈልግ ስሜታችሁ እጥበት ሲያስብ ይበርዳል።

አውሮፕላን ስትሳፈሩ ስለ ብዕሩ ትጨነቃላችሁ

በትክክልም መጨነቅ አለባችሁ። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በካቢኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን በኒቡ በኩል ይገፋዋል። ስለዚህ ወይ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ አየር እንዳይኖረው፤ ወይ ባዶ አድርጉት። ግማሽ ቀለም፣ ግማሽ አየር የያዘው ነው ጦሱ። ሲነሳና ሲያርፍ ኒቡ ወደ ላይ ቆሞ ይቀመጥ።

"ይቺ የመጨረሻዬ ናት" ብላችኋል

ይህን ቃል ያልተናገረ ልክፍተኛ የለም። የመጨረሻዋ ከመጣች በኋላ የምትመጣዋ "ይቺ እንኳ አትቆጠርም" ትባላለች። ፖስታ ሲመጣ ቀድማችሁ በር ላይ የምትገኙ፣ አዲሷን ደግሞ "ድሮም ነበረች" የምትሉ ከሆነ ምርመራው አብቅቷል።

ማስታገሻ፦ ያማራችሁን ብዕር ስሙን፣ የኒቡን መጠንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ወር እስኪሞላው አትግዙ። (መጻፉ በራሱ ግማሽ ጥሙን ያረካል፣ በብዕር ነዋ የሚጻፈው።) ከወር በኋላ ወረቀቱን አይታችሁ "ይቺ ደግሞ የቷ ነበረች?" ካላችሁ ገንዘባችሁ ተረፈ። አሁንም ካማረቻችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ካሉኝ ብዕሮች የማይችሉትን ምን ትችላለች? ላሚ 2000 ለምሳሌ ስሙ 2000 ይባል እንጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ነገ አያልቅም። የፓይለት ካፕለስ፣ ዛሬ እንደ እስክሪብቶ ቀጭ ተደርጎ የሚከፈተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አለ። "አሁን ካልገዛሁ ያመልጠኛል" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ሻጩ የሚያወራው ነው።

ያገለገለ ብዕር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር እዩ። የክዳኑን ከንፈር በስልክ መብራት እያዞራችሁ መርምሩ፣ ቀጭን ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የኒቡን ጫፍ በማጉያ እዩ፣ ጠንካራዋ እንክብል ከሌለች ውበቱ አያታላችሁ። ቀለም መሳቢያው እንደሚንቀሳቀስ ጠይቁ። የደረቀን በጉልበት አታዙሩት፤ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይደር።

ሌላውን ታስለክፋላችሁ

የመጨረሻው ደረጃ ይሄ ነው። የልደት ስጦታ ሲባል ብዕር፣ የምረቃ ስጦታ ሲባል ብዕር። ተቀባዩ ይፈልግ አይፈልግ አይጠየቅም። ብቻ ለጀማሪ ወርቅ ኒብና ባለብዙ ዕቃ ብዕር ሰጥታችሁ አታስበርግጉት። ላሚ ሳፋሪ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ለተማሪዎች ታስቦ ነው። መያዣው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጣት ቦታውን በራሱ ያገኛል፤ ኒቡን ገልብጦ መያዝም ይከብዳል። ፋይኑን ምረጡለት። ብዙ ጊዜ ከብዕሩ ጋር የሚመጣው አንድ የላሚ ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ትንሽ ቀፎ፣ ብቻ ነው፤ የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ ደግሞ አይገጥምለትም። ስለዚህ የላሚን ኮንቨርተር ለብቻው ገዝታችሁ ካርቶኑ ውስጥ ጨምሩለት፤ ያለበለዚያ በሳምንቱ ደውሎ "ቀለም አለቀብኝ፣ ምን ላድርግ?" ይላችኋል፣ እናንተም ከራሳችሁ አውጥታችሁ ትሰጡታላችሁ።